ሃያ ዓመት የተኛች ጎልድዊንግ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

«ሳቆማት ደህና ትሄድ ነበር።» አሮጌ ሞተር ብስክሌት የሚሸጥ ሰው ሁሉ የሚላት ነገር ናት። ውሸት አይደለችም። ችግሩ የቆመችው ከሃያ ዓመት በፊት መሆኑ ነው።

የኔዋ ሜሪላንድ ውስጥ ከአንድ ሽማግሌ ጋራዥ ያወጣኋት የ1977 ሞዴል ሆንዳ ጎልድዊንግ ጂኤል 1000 ናት። ለማያውቃት፦ ሆንዳ ይህችን ሞተር እ.ኤ.አ. በ1974 መገባደጃ ኮሎኝ ላይ አሳይቶ በ1975 ለገበያ አቀረባት። 999 ሲሲ ናት። አራት ሲሊንደሮቿ ሁለቱ ወደ ቀኝ፣ ሁለቱ ወደ ግራ ተጋድመዋል። የምትቀዘቅዘው በውሃ ነው። ሰንሰለት የላትም፤ የኋላ ጎማዋን እንደ መኪና ዘንግ ነው የሚያዞረው። ከፊት ሰልባትዮ (የቤንዚን ታንክ) የሚመስለው ነገር ደግሞ ሰልባትዮ አይደለም። ውስጡ የኤሌክትሪክ ዕቃና የአየር ማጣሪያ ነው ያለው። እውነተኛው ሰልባትዮ ከመቀመጫው ሥር ተደብቋል።

አዲስ አበባ ያደግኩት ጋራዥ አጠገብ ስለሆነ ካንዴላ (የሞተሩን እሳት የሚሰጠው)፣ ሞተሪኖ (ማስነሻ ሞተር)፣ ቺንጋ (ቀበቶ) ነው የምለው። እዚህ አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ገብቼ «ካንዴላ» ስል ጓቲማላዊው ሻጭ ሻማ የምፈልግ መስሎት ነበር። በእነሱ ቋንቋ ለካ ሻማ ነው!

ወደ ነገራችን። ብዙ ወር ተንበርክኬ የገባኝ ይሄ ነው፦ የዚህች ሞተር ብረት በቀላሉ አይሞትም። የሚሞተው ላስቲኩ፣ የሽቦ መገናኛውና ውስጧ የተረሳው ፈሳሽ ነው። ስለዚህ የትኛውም ምልክት ቢመጣ መጀመሪያ እነዚህን ሦስቱን ጠርጥሩ።

ገና ሳትነኳት

ባትሪ አስገብታችሁ የማስነሻውን ቁልፍ እንዳትጫኑ። ሁሉም ሰው እጁን የሚበላው እዚህ ላይ ነው።

ከሞተሩ ፊት፣ ከሽፋኑ ኋላ፣ ጥርስ ያላቸው ሁለት የላስቲክ ቺንጋዎች አሉ። አንዱ የቀኙን፣ ሌላው የግራውን ቫልቮላዎች (የሲሊንደሩን ማስገቢያና ማስወጫ በሮች) ያዛል። ቺንጋው ከተበጠሰ ወይም ጥርስ ከዘለለ ፒስተኑና ቫልቮላው ይገናኛሉ። ቫልቮላው ይጣመማል፣ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) መውረድ አለበት፣ ደህና የነበረው ሞተር በሁለት ሰከንድ ቆሻሻ ይሆናል። ዕድሜውን የማታውቁት ቺንጋ ሁሉ ያረጀ ነው በሉ። ዋጋው ከቴስታታ ሥራ ጋር አይወዳደርም። አሮጌውን ሳታወጡ የቺንጋ መዘውሮቹ ላይ ያሉትን ምልክቶች አስተካክሉ፣ ፎቶ አንሱ፣ አዲሱን አስገቡ።

ከዚያ አራቱንም ካንዴላ ፍቱ። በየቀዳዳው ትንሽ ዘይት አንጠባጥቡ። አምስተኛ ማርሽ አስገቡና የኋላውን ጎማ በእጅ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ከዞረ እሰየው። ካልዞረ ጉልበት አትጠቀሙ። የአውቶማቲክ ካምቢዮ (ማርሽ) ዘይትና አሴቶን እኩል ቀላቅሉና በካንዴላው ቀዳዳ ጨምሩ፤ ቀናት ይቆይ። እሳት ግን አጠገቡ እንዳይደርስ። የሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና ሞክሩ። የሚላቀቅ ከሆነ በትዕግሥት ነው የሚላቀቀው፣ በመዶሻ አይደለም።

«ጠቅ» ይላል፣ ሞተሩ አይዞርም

መጀመሪያ ባትሪውን በቴስተር (ቮልት መለኪያ) ለኩ። በሙሉ ቻርጅ ቁጭ ያለ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተሪኖው ሲጎትት ከ10 በታች ዘጭ የሚል ከሆነ ጥፋቱ የባትሪው ነው። ባትሪው ደህና ከሆነ ወደ ማሳው (ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ግንኙነት) ሂዱ። የማሳ ገመዱ ከሞተሩ የሚታሰርበት ቦታ አረንጓዴ ዝገት ይይዛል። ፍቱት፣ በሽቦ ብሩሽ አጽዱት፣ መልሳችሁ እሰሩ።

ምንም ድምፅ ከሌለ፣ መብራትም ከሌለ፣ ዋናውን ፊውዝ እዩ። የአጥንት ቅርጽ ያለው ስስ ብረት ነው። በዕድሜ ብዛት ይሰነጠቃል። ስታዩት ደህና ይመስላል፣ ሲነኩት ይሰበራል። ብዙ ሰው አውጥቶ የዛሬ ዘመን 30 አምፔር ፊውዝ ከነቤቱ ያስገባበታል። እኔም እንዲሁ አደረግሁ። ሌላው ዕቃ ኦሪጅናል ሆኖ ቢቀር ደስ ይለኛል፣ ይሄኛው ግን ለሙዚየም ይሂድ።

ሞተሪኖው እያፏጨ ብቻውን ከዞረና ሞተሩ ዝም ካለ የሞተሪኖው ፍሪሲዮን (ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው) እየተንሸራተተ ነው። ብዙ ጊዜ ሰበቡ አሮጌ ዘይት ሮለሮቹ ላይ እንደ ሙጫ መድረቁ ነው። ሞተር ከማውረዳችሁ በፊት ዘይቱን ቀይሩና ጥቂት ጊዜ ሞክሩት። አንዳንዴ ይፈታል። ካልፈታ ሥራው ከባድ ነው።

ይዞራል፣ አይነሳም

ካንዴላውን ከገመዱ ጋር አድርጋችሁ ብረት ላይ አስነኩና እሳት መኖሩን እዩ። እሳት ከሌለ ወይም ብጫ ከሆነ ወደ ፑንቲናው (እየተነካኩ እየተለያዩ እሳቱን በሰዓቱ የሚያስነሱት ትንንሽ ብረቶች)። በግራ በኩል ከኋላ፣ ትንሽ ክብ ሽፋን ሥር ነው። ሃያ ዓመት እርጥበት ሲያዩ ፊቶቻቸው ነጭ አመድ ይለብሳሉ። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ጥረጉ፣ ከዚያ በንጹሕ ወረቀት አንድ ጊዜ አሳልፉ። ክፍተቱ ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊሜትር ነው።

አሁን የምወዳት ምልክት። ቁልፉን ተጭናችሁ እያለ ሞተሩ ተነስቶ፣ ልክ ጣታችሁን ስታነሱ ይጠፋል። ሰው ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን) ይፈታል። ካርቡሬተሩ ምንም አላደረገም! ለቦቢናዎቹ (ለካንዴላዎቹ ከፍተኛ ቮልት የሚሰጡት) የሚሄደው መብራት በተለመደው ጊዜ በአንድ ሬዚስተር (መብራት ቀናሽ) በኩል ያልፋል። ስታስነሱ ብቻ ሬዚስተሩ ይዘለላል። ጣታችሁን ስታነሱ ከጠፋ ሬዚስተሩ ወይም ሽቦው ተቆርጧል። በቴስተር አምስት ደቂቃ የማይወስድ ምርመራ ነው። እኔን አንድ ሙሉ እሁድ ፈጅቶብኛል።

እሳቱ ደካማ ከሆነ ደግሞ መሪው ላይ ያለውን የማጥፊያ ቁልፍ ክፈቱ። የቦቢናው መብራት በእሱ በኩል ነው የሚያልፈው። ውስጡ ሲቆሽሽ ቮልት ይሰርቃል።

ይነሳል፣ ግን ይንተባተባል

የትኛው ሲሊንደር እንደሞተ ሳታውቁ ምንም አትፍቱ። ቀዝቃዛ ሞተር አስነሱ፣ አንድ ደቂቃ ጠብቁ፣ የአራቱን የጭስ ቧንቧ መነሻ ጥቂት ውሃ እርጩበት። የሚሠራው ሲሊንደር ቧንቧ «ጭስስ» ይላል። የሞተው ውሃውን ተሸክሞ ይቀመጣል።

1 እና 3 በቀኝ፣ 2 እና 4 በግራ ናቸው። 1 እና 2 ፊት ያሉት ናቸው። አንዱ ቦቢና ለ1 እና 2፣ ሌላው ለ3 እና 4 ይሰጣል። እንግዲህ ቀጥሎ ያለው የሒሳብ ነገር ነው። ሁለቱ የፊት ከሞቱ፣ ወይም ሁለቱ የኋላ ከሞቱ፣ ፑንቲና ወይም ቦቢና ነው። በአንድ ወገን ያሉት ሁለቱም ከሞቱ የዚያ ወገን ቺንጋ ጥርስ ዘሏልና ወዲያው አጥፉ። አንድ ብቻ ከሞተ ካንዴላው፣ የካንዴላው ቆብ ወይም የዚያ ሲሊንደር ካርቡሬተር ነው። ቆቡን መጀመሪያ ሞክሩ፤ ርካሽ ነው።

ካርቡሬተሮቹ

አራት ናቸው። አንድ ላይ ታስረው ከሞተሩ አናት ላይ ተቀምጠዋል። ምልክቱ ይሄ ነው፦ ቾክ ተስቦ ብቻ ይሠራል፣ ቾኩ ሲመለስ ይጠፋል። ወይም ያለ ጋዝ ይጠፋል፣ ጋዝ ሲሰጡት ግን ደህና ይሄዳል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቤንዚን ሲቆይ ይተንና ቫርኒሽ ትቶ ይሄዳል። መጀመሪያ የሚደፈነው ለዝግታ የሚያገለግለው ትንሹ ጄት ነው። ቀዳዳው ከፀጉር ብዙም አይወፍርም።

ሰልባትዮው ውስጥ የሚጨመር መድኃኒት እዚህ ብዙ ይሸጣል። ለሁለት ወር የቆመች ሞተር ይረዳ ይሆናል። ለሃያ ዓመት ግን ለሞተ ሰው ሻይ እንደማፍላት ነው። መፍታት አለ። አራቱን በየራሳቸው ሳህን አስቀምጡ። ከውስጥ የሚንሸራተቱትን ፒስተኖች ከአንዱ ወደ ሌላው አታቀያይሩ። ጄቶቹን ብርሃን ላይ አንስታችሁ ቀዳዳውን እዩ። ክብ ብርሃን ካልታየ ገና አልጸዳም። በብረት መርፌ አትውጉት፤ ቀዳዳው ከሰፋ ልኩ ጠፋ። የጊታር ቀጭን ክርና የካርቡሬተር ማጽጃ በቂ ናቸው። ከዚያ በአየር ግፊት አናፍሱት። መነጽር አድርጉ፣ ማጽጃው ዓይን ውስጥ ሲገባ ቀልድ አይደለም።

ካርቡሬተሩ ቤንዚን የሚያፈስስ ከሆነ ጥፋቱ የጋሌጃንቴው መርፌ ነው። ሥራው ከሽንት ቤት ውሃ ማጠራቀሚያ ጋሌጃንቴ ጋር አንድ ነው፦ ሲሞላ ይዘጋል። ጫፉ ከደረቀ አይዘጋም። ይሄን ችላ ካላችሁ ቤንዚኑ ወደ ሲሊንደር ይወርዳል፣ ከዚያም ወደ ዘይቱ። የዘይት መለኪያውን አሽትቱ። ቤንዚን ቤንዚን ካለ ሞተሩን ሳታስነሱ ዘይቱን ቀይሩ።

ካርቡሬተሩን አጽድታችሁ በሳምንቱ መልሶ ከተደፈነ ሰልባትዮው ዝጓል። በቤንዚን መሙያው ቀዳዳ በባትሪ መብራት እዩ። ዝገቱ ቀላል ከሆነ ኮምጣጤ ሞልታችሁ አንድ ሁለት ቀን አቆዩ፣ ከዚያ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ እጠቡና ፈጥናችሁ አድርቁ። ከሰልባትዮው እስከ ቤንዚን ፖምፓው ያለው የላስቲክ ቱቦ ሁሉ ይቀየር።

ባትሪው አይሞላም

ሞተሩን በ3,000 ዙር ያዙና ባትሪው ላይ ለኩ። 14 ቮልት አካባቢ ካላያችሁ ቻርጅ የለም።

ከዲናሞው የሚወጡ ሦስት ቢጫ ሽቦዎች አሉ። የሚገናኙበት ፕላስቲክ መሰኪያ የዚህች ሞተር ታዋቂ ቁስል ነው። ይሞቃል፣ ይቀልጣል፣ ይጠቁራል። ከተቃጠለ ቆርጣችሁ ጣሉትና ሦስቱን ሽቦ ከሦስቱ ጋር በሊድ በይዱ፣ በሙቀት የሚጨማደድ ቱቦ አልብሱ። የትኛው ቢጫ ከየትኛው ጋር ቢገናኝ ለውጥ የለውም።

ግን ከመበየዳችሁ በፊት ዲናሞውን ለኩ። ሽቦዎቹ ተለያይተው፣ ቴስተሩ በኤሲ ሆኖ፣ በ3,000 ዙር በየሁለቱ መካከል ያለው ቮልት ተቀራራቢ መሆን አለበት፤ 50 አካባቢና ከዚያ በላይ። ሞተሩ ጠፍቶ ደግሞ ከየትኛውም ቢጫ ወደ ማሳ ግንኙነት መኖር የለበትም። ይህ ሁሉ ደህና ከሆነና ቻርጅ ከሌለ ሬክቲፋየሩ (ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይረው) ወይም ሬጉሌተሩ (ቮልቱን የሚወስነው) ነው፤ ከውጭ ስለሆኑ ይቀየራሉ። ዲናሞው ራሱ ከሞተ ግን ተቀመጡና ውሃ ጠጡ። ከሞተሩ ኋላ ውስጥ ስለሆነ ሞተሩ መውረድ አለበት። ጓደኛ ያስፈልጋል፣ ጓደኛውም ወገቡ ጤነኛ ይሁን።

ውሃ ያፈስሳል

የውሃ ፖምፓው ሥር ትንሽ ቀዳዳ አለ። የተሠራው ሊያሳብቅ ነው። ውሃ ካንጠባጠበ የፖምፓው ማሸጊያ አልቋል፤ ዘይት ከሆነ የዘይቱ። ቀዳዳውን የደፈነ ሰው አይቻለሁ። ዘይቱ እንደ ቡና በወተት ከነጣ ውሃ ገብቶበታልና አትንዷት። የራዲያተሩን ፈሳሽ ስታወጡ ደግሞ መሬት ላይ አትተዉት፤ ጣፋጭ ስለሆነ ውሻ ይልሰዋል፣ ይገድለዋል።

ፍሬን ይይዛል፣ አይለቅም

ጎማውን አንስታችሁ ስታዞሩ እንደ ወፍጮ ከከበደ የፍሬኑን አየር ማስወጫ ብሎን ትንሽ ክፈቱ። ፈሳሹ ፈጭ ብሎ ጎማው ከለቀቀ ግፊት ውስጥ ታስሯል ማለት ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው። ወይ ከላይ መሪው ላይ ባለው ሲሊንደር ውስጥ ያለችው በጣም ትንሽ የመመለሻ ቀዳዳ በደረቀ ፈሳሽ ተደፍናለች፣ ወይ የላስቲኩ ቱቦ ከውስጥ አብጦ ተዘግቷል። ቱቦው ከውጭ አዲስ ሊመስል ይችላል፣ አትመኑት። ብሎኑ ተከፍቶም ካልለቀቀ የፍሬኑ ፒስተን ዝጎ ተጣብቋል። በፍሬኑ በራሱ ግፊት ቀስ አድርጋችሁ አስወጡት። በአየር መጭመቂያ ያስወጣ ሰው ጣቱን ሊያጣ ይችላል። የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል፤ ጨርቅ አንጥፉ።

በፍሬን አትቆጥቡ። ሁሉንም ላስቲክ ቀይሩ፣ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል።

ስትነሳ ከኋላ «ቋ» ትላለች

የኋላ ጎማውን ፍቱና ከዘንጉ ጋር የሚገናኝበትን ጥርስ እዩ። ጥርሱ ሹል ከሆነ ቅባት ሳያይ ኖሯል። ደህና ከሆነ ሞሊብዴነም ያለበት ቅባት ቀቡት።

ጎማዎቹን እያያችሁ እያላችሁ ጎናቸው ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ። አራት አኃዝ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። የኔዋ ላይ ሦስት አኃዝ ብቻ ነበር። ያ ማለት እ.ኤ.አ. ከ2000 በፊት የተሠራ ነው። ጥርሱ ገና አዲስ ይመስላል፣ በጥፍር ስጫነው ግን እንደ ድንጋይ ነው። አሁን ጓሮ ውስጥ ጤና አዳም ተተክሎበታል።