ለአሜሪካ መንግሥት ዕቃ መሸጥ፦ ከዋጋው በፊት የአንቀጹን ቁጥር ይፈልጉ

በዋሽንግተን ዙሪያ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የቢሮ ዕቃ አቀርባለሁ። «የእኔ ርካሽ ሆኖ ሳለ ለምን ጣሉት?» ብሎ የሚጠይቀኝ ወገን ብዙ ነው። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ የሥሪት አገር ነው።

የጨረታ ሰነዱ ሲደርስዎ ሌላውን ገጽ ትተው ሁለት የፌዴራል ግዥ ደንብ አንቀጽ ቁጥሮች ይፈልጉ። 52.225-1 ካገኙ፣ የ1933ቱ «የአሜሪካን ግዛ» ሕግ ይሠራል። የውጭ ዕቃ አይከለከልም፤ ነገር ግን በሲቪል መሥሪያ ቤቶች ሲወዳደር ዋጋው ላይ 20 ወይም 30 በመቶ ይታከልበታል። 52.225-5 ከሆነ ግን የዓለም ንግድ ድርጅት የመንግሥት ግዥ ስምምነት ገብቷል። ጭማሪው ለፈራሚ አገሮች ይነሣል፤ ከቻይና ወይም ከሕንድ የመጣ ዕቃ ግን፣ ሌላ ብቁ አቅራቢ ካልጠፋ በቀር፣ በነጻ ቢሰጥ እንኳ አይገዛም። የ1979ኙ የአሜሪካ የንግድ ስምምነቶች ሕግ በሩን የዘጋው ያልፈረሙትን ወደ ስምምነቱ ለመግፋት ነው። ነጻ ንግድ የሚሉት እንዲህ ነው!

ቁጥሩን የሚወስነው የግዥው ግምት ነው፤ ገደቡ ላይ ከደረሰ 52.225-5 ይገባል። ገደቡ በየሁለት ዓመቱ ይከለሳል፤ በ2024 እና በ2025 ለዕቃ 174,000 ዶላር ነበር። ለትንንሽ ነጋዴዎች የተከለለ ጨረታ ግን ከዚህ ቢበልጥም ከስምምነቱ ውጭ ነው። ብዙ ሰው የሚስተው ይህንን ነው።

አሁን ወደ አገር ቤት እንምጣ። ኢትዮጵያ ስምምነቱን አልፈረመችም። ሆኖም በዚያው በ52.225-5 ሥር፣ ዝቅተኛ ዕድገት ያላቸው አገሮች በሚለው ዝርዝር ስሟ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ተቆርጦ የተሰፋ የቆዳ ሰነድ መያዣ በዚህ በር ይገባል። ቆዳው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ስፌቱ ቻይና ከሆነ አይገባም። ቻይና ያለቀውን አዲስ አበባ ላይ ምልክት ለጥፎ ማሸግም ዋጋ የለውም፤ ዕቃው አዲስ ስም፣ ጠባይና አገልግሎት ያገኘው የት ነው ብለው ይጠይቃሉ። ከ2022 መባቻ ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም ከአሜሪካ የአፍሪካ ቀረጥ ነጻ ዕድል፣ ስለወጣች ቀረጥ ይከፍላሉ፤ ቀረጥ ሌላ፣ ግዥ ሌላ። ለአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ልብስ ወይም ጨርቅ ለመሸጥ ካሰቡ ግን አይድከሙ፤ ከ1941 ጀምሮ የቆየ ሕግ የአሜሪካን ብቻ ይላል።

ክፍለ ግዛቶች ሌላ ጉዳይ ናቸው። ከ50ዎቹ ወደ ስምምነቱ የገቡት 37 ናቸው፤ ሜሪላንድ አለች፣ ቨርጂኒያ የለችም። በሁለቱ መካከል ያለውን የፖቶማክ ወንዝ ድልድይ ሲሻገሩ ደንቡ ይለወጣል።

በመጨረሻ 52.225-6 የሚባለው ማረጋገጫ አለ። በዚያ ላይ የሚሞሉት የሥሪት አገር የእርስዎ ቃል ነው፤ አውቀው ሐሰት ከጻፉ መንግሥት የጉዳቱን ሦስት እጥፍና ተጨማሪ ቅጣት ሊያስከፍል ይችላል። የአስመጪው «ችግር የለውም» አያድንዎትም። ዋጋ ከማስገባትዎ በፊት፣ ዕቃው የትኛው ፋብሪካ ውስጥ እንደተሠራ የሚገልጽ የተፈረመ ደብዳቤ ከአምራቹ ይቀበሉ፤ ለእያንዳንዱ የዕቃ ዓይነት ለየብቻ።