ከሱፐርማርኬት ወይን ስትገዙ ገንዘባችሁን የሚያስበሉ ስህተቶች

ለአዘቦት ቀን የሚሆን ጥሩ ወይን ለማግኘት ብዙ ማውጣት አያስፈልግም። ግን ደግሞ ከሁሉም ርካሹን ማንሳት አያዋጣም። ለእኔ ትልቁ ስህተት እሱ ነው። ጠርሙሱ፣ ክዳኑና ማጓጓዣው ለርካሹም ለመካከለኛውም የሚያስወጡት ገንዘብ ተቀራራቢ ነው፤ በብዙ አገሮች የአልኮል ቀረጥም የሚሰላው በመጠን እንጂ በዋጋ ስላልሆነ፣ በጣም ርካሽ ከሆነ ጠርሙስ ላይ ይህ ሁሉ ሲቀነስ ለወይኑ ለራሱ የሚተርፈው ጥቂት ሳንቲም ነው። ከዝቅተኛው ዋጋ ትንሽ ከፍ በሉ። ልዩነቱን ምላሳችሁ ያውቀዋል።

ሌላው ስም ማሳደድ ነው። ቦርዶ፣ ቡርጎኝ፣ ሻብሊ የሚል የታወቀ የፈረንሳይ ወይን አካባቢ ስም ያለበት ጠርሙስ በርካሽ ካያችሁ ጠርጥሩ፤ ስሙ ብቻውን ዋጋ ስለሚያስጨምር በዚያ ገንዘብ የምታገኙት ብዙ ጊዜ የአካባቢውን ደካማ ወይን ነው። በዚያው ዋጋ ብዙም የማይወራለትን ሞክሩ፦ የፖርቱጋል ዶውሮን፣ የደቡብ ፈረንሳይ ላንግዶክን፣ የስፔን ጋርናቻን። ነጭ ከሆነ ምርጫችሁ የደቡብ አፍሪካ ሼኒን ብላንክ አለ። በሻምፓኝ ፋንታ ደግሞ ክሬማን ወይም ካቫ የሚባሉትን አረፋማ ወይኖች ውሰዱ። ሁለቱም እንደ ሻምፓኝ አረፋቸውን የሚያገኙት እዚያው ጠርሙሱ ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ፈልተው ነው፣ ዋጋቸው ግን ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል።

የመለያውን ቃላት እንዳለ ማመንም ያስበላል። ስፔን ውስጥ «ሬዜርቫ» ሕግ አለው። ሪዮኻ ከተባለው የስፔን አካባቢ የሚመጣ ቀይ ወይን ሬዜርቫ ለመባል ቢያንስ 3 ዓመት መቆየት አለበት፣ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 1 ዓመቱን በኦክ በርሜል። አሜሪካ ውስጥ ግን «ሪዘርቭ» የሚለውን ለመጻፍ የሚያስገድድ ብሔራዊ መስፈርት የለም። አረፋማ ወይን ላይ ደግሞ «ኤክስትራ ድራይ» የሚለውን አይታችሁ ስኳር የሌለው እንዳይመስላችሁ፤ «ብሩት» ከሚለው ይልቅ ጣፋጭ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል።

ከባድ ጠርሙስ? የመስታወት ክብደት ነው፣ ሌላ ምንም አይነግራችሁም።

የሚጠመዘዝ ክዳንን መናቅም ይቅር። ሪዝሊንግ የተባለውን ነጭ ወይን የሚሠሩ የአውስትራሊያ ክሌር ቫሊ ጠማቂዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ተባብረው ወደዚህ ክዳን የዞሩት ቡሽ አንዳንዴ የሚያመጣውን የሻጋታ ሽታ ለማምለጥ ነው። ቶሎ ለሚጠጣ ወይን እኔ እንዲያውም እሱን አስቀድማለሁ።

ወይን ሲያረጅ ይሻላል ብላችሁ ከመደርደሪያው የቆየውን አትፈልጉ። ሱፐርማርኬት ውስጥ ያለው ወይን አብዛኛው የተሠራው ቶሎ እንዲጠጣ ነው፤ በተለይ ርካሽ ነጭና ሮዜ ከሆነ የተለቀመበትን ዓመት አይታችሁ የቅርቡን አንሱ። ቀለም በሌለው ጠርሙስ ሆኖ መብራት ሥር ለረጅም ጊዜ የቆመውንም እለፉት፣ ብርሃን ጣዕሙን ያበላሸዋል።

ቅናሽ ስታዩም ረጋ በሉ፦ «ድሮ ይህን ያህል ነበር» የሚለውን ትታችሁ፣ አሁን በተጻፈው ዋጋ ያለ ቅናሽ ትገዙት ነበር ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ካልሆነ ተዉት።

ገዝታችሁ ቤት ከገባችሁ በኋላም አንድ ስህተት ይቀራል፣ የሙቀት ነገር። ቀይ ወይን በሞቀ ክፍል ሲቀመጥ አልኮሉ ብቻ ይጎላል። ከመክፈታችሁ በፊት 20 ደቂቃ ያህል ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት፤ ነጩን ደግሞ በተቃራኒው፣ በጣም ከቀዘቀዘ ጣዕሙ ስለሚታፈን ትንሽ ቀደም ብላችሁ አውጡት።