የስብዕና መታወክ ያለበትን ወጣት እንዴት እንረዳ? ሕክምናውንስ እንዴት እናስቀጥል? ለወሎ ቤተሰቦች የቀረበ መመሪያ

ከ18 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ የሚታይ ቁጣ፣ ኩርፊያ፣ ጥድፊያና ድንገተኛ ውሳኔ ሁሉ ሕመም አይደለም። ስሜትንና የቅጽበት ፍላጎትን የሚገታው የፊተኛው የአንጎል ክፍል እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ ማደጉን ይቀጥላል፤ በዚያ ላይ ወጣቱ ከወላጅ ቤት መውጣትን፣ ሥራ ማግኘትን፣ ትዳርን፣ በብዙ የወሎ ቤቶች ደግሞ ወደ ዓረብ አገር መሄድ አለመሄድን በአንድ ጊዜ የሚያወጣና የሚያወርድበት ወቅት ስለሆነ መናወጡ የሚጠበቅ ነው። በጥቂት ወጣቶች ላይ ግን ነገሩ ከዚህ ይለያል። አመሉ ሳይለወጥ ለዓመታት ይቆያል፤ በቤትም፣ በትምህርት ቤትም፣ በሥራም፣ በፍቅርም ያው ጠብ ይደጋገማል፤ ወጣቱንም አብረውት የሚኖሩትንም ይጎዳል። የስብዕና መታወክ የሚባለው ይህ ዓይነቱ ሥር የሰደደ መዛባት ሲሆን፣ ይህ መመሪያም ቤተሰብ እንዴት እንደሚለየው፣ ወዴት እንደሚሄድና ሕክምናው ሲያስቸግር ምን ማድረግ እንደሚችል ያስረዳል።

ከመፈረጅ በፊት ማስተዋል

እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመዘኛ አሥር የስብዕና መታወክ ዓይነቶችን ይዘረዝራል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ ደግሞ አብዛኞቹን ዓይነቶች ትቶ በመጀመሪያ የችግሩን ክብደት፣ ማለትም ቀላል፣ መካከለኛ ወይም ከባድ መሆኑን ይጠይቃል። ለቤተሰብ የሚጠቅመው ይህ ሁለተኛው ይመስለኛል፤ የዓይነቱን ስም ይዞ ከመከራከር ይልቅ ልጁ ሥራ መያዝ ችሏል ወይ፣ ጓደኛ አለው ወይ፣ ራሱን ይጎዳል ወይ ብሎ መጠየቅ ወደ መፍትሔ ያቀርባልና። ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ ባለሙያዎች ስሙን ለመስጠት አይቸኩሉም፤ በአሜሪካው መመዘኛ መሠረት ምልክቶቹ ቢያንስ ለአንድ ዓመት መቆየት ያለባቸው ሲሆን፣ ፀረ ማኅበራዊ የሚባለው ዓይነት ግን ከ18 ዓመት በፊት ጨርሶ አይሰጥም።

ወጣቶችን ብዙ ጊዜ ወደ ሐኪም ቤት የሚያመጣው ቦርደርላይን የሚባለው ዓይነት ነው። መገለጫዎቹ ብቻዬን እቀራለሁ የሚል ከባድ ፍርሃት፣ ሰውን ዛሬ አምልኮ ነገ መጥላት፣ የራስን ማንነት አለመጨበጥ፣ ባዶነት፣ ድንገተኛ ቁጣ፣ ራስን መጉዳትና ስለ ሞት ማሰብ ናቸው። እንዴት እንደሚመስል ለማየት ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ የምትሠራ የ21 ዓመት ወጣት እናስብ። በምሳ ሰዓት ለጓደኛዋ ደወለች፤ አልተነሣም። ስምንት ሰዓት ሲሆን ከአሥር በላይ መልእክት ልካለች፤ አሥር ሰዓት ላይ የጓደኛዋን ቁጥር አጥፍታ፣ ስትሳደብም ውላ፣ ከአለቃዋ ተጋጭታ ወጥታለች። ማታ ቤት ስትገባ እናቷ ያፈላችውን ቡና አልቀምስም ብላ ክፍሏን ዘጋች፤ ሦስት ሰዓት ላይ ክንዷን ቆርጣ ተገኘች። በማግሥቱ ጠዋት ጓደኛዋ ስልኳ ተበላሽቶ እንደነበር ስትነግራት ደግሞ እየሳቀች ወጣች። ቤተሰቡ «ትናንት ያ ሁሉ ምን ነበር?» ይላል፤ አስመሳይ ናት የሚልም አይጠፋም። ሕመሙ ግን እውነተኛ ነው፤ ልዩነቱ የሚነሣውም የሚበርደውም በሰዓታት ውስጥ መሆኑ ላይ ነው።

ይህ የጊዜ ልክ በጥንቃቄ ሊያዝ ይገባዋል፤ ባይፖላር ከሚባለው ሕመም ለመለየት ይረዳልና። በባይፖላር ከልክ ያለፈው የመነቃቃት ስሜት ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ድብርቱ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይቆያል፤ በቦርደርላይን ግን ስሜቱ በአንድ ቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ ሊገለባበጥ ይችላል፤ መነሻውም በአብዛኛው ከሰው ጋር የተፈጠረ ነገር ነው። ሁለቱ ሕመሞች በአንድ ሰው ላይ ሊገኙ ስለሚችሉ የመጨረሻው ውሳኔ የባለሙያ ነው።

በወሎ ሌሎች ሦስት ነገሮች ከዚህ ሕመም ጋር ሲምታቱ ይታያል። አንደኛው ጫት ነው፤ በምርቃና ጊዜ የሚታይ ንግግርና ዕቅድ፣ በማግሥቱ በሐራራ የሚመጣ ብስጭትና ድብታ፣ እንቅልፍ ማጣቱም ሲጨመርበት፣ ስሜቱ የማይጨበጥ ሰው ያስመስላል። ሁለተኛው በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልድያና በዙሪያው ካለፈው ጦርነት የቀረ ጠባሳ ነው። ከዚያ ወዲህ የጀመረ ቅዠት፣ በትንሽ ድምፅ መደንገጥና ቁጣ በራሱ የሚታከም የአሰቃቂ ገጠመኝ ሕመም ሊሆን ስለሚችል የስብዕና መታወክ ተብሎ መዘጋት የለበትም። ሦስተኛው በዚሁ ዕድሜ የሚጀምር ሌላ የአእምሮ ሕመም ነው፤ ልጁ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ያለማቋረጥ የሚሰማ ከሆነ፣ ወይም ራሱን ስቶ የሚወድቅ ከሆነ ሳይዘገይ መመርመር አለበት። የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን መዛባትም ብስጭትና እንቅልፍ ማጣት ሊያስከትል ስለሚችል የደም ምርመራ መጠየቅ አይከፋም።

መንስኤውን በተመለከተ በዘር የሚወረስ ተጋላጭነትና የልጅነት ሕይወት አብረው ይሠራሉ። ድብደባ፣ ጥቃት፣ ቸል መባል አደጋውን ይጨምራሉ፤ ነገር ግን በደግ ቤት ያደጉ ልጆችም ይታመማሉ፤ ስለዚህ እናትን ወይም አባትን ተጠያቂ ማድረግ ሕክምናውን አያግዝም።

ወደ ሐኪም ስትሄዱ

ከመሄዳችሁ በፊት ለአንድ ወር ያህል በደብተር አጫጭር ማስታወሻ ያዙ። ነገሩ በስንት ሰዓት ተነሣ፣ ከመነሣቱ በፊት ምን ሆኖ ነበር፣ ስንት ሰዓት ቆየ፣ በዋዜማው ምን ያህል ተኛ፣ ጫት ወይም መጠጥ ነበረበት ወይ የሚለውን እንጂ «ባለጌ»፣ «እልኸኛ» የሚል ፍርድ አትጻፉ። ልጁ መጻፋችሁን ይወቅ፤ ቢቻል ራሱ ይጻፍ። በድብቅ ተይዞ የተገኘ ደብተር ቤት ውስጥ የቀረውን መተማመን ያፈርሳል።

መነሻው በአቅራቢያ ያለ ጤና ጣቢያ ሊሆን ይችላል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር በጀመረችው መርሐ ግብር የጤና መኮንኖችና ነርሶች መሠረታዊ የአእምሮ ሕክምና እንዲሰጡ ሥልጠና መስጠት ተጀምሯል። የሚጠቀሙበት መመሪያ ግን ስለ ስብዕና መታወክ ራሱን የቻለ ምዕራፍ የለውም፤ ስለ ድብርት፣ ስለ ሱስና ራስን ስለ መጉዳት ግን አለው። በመሆኑም ጤና ጣቢያ ገብቶ «አመሉ አስቸገረን» ማለት ብዙ ጊዜ ባዶ እጅ ያስመልሳል፤ «በዚህ ወር ሁለት ጊዜ ራሷን ቆርጣለች፣ እንቅልፍ የላትም» ማለት ግን ባለሙያው የሚይዘውን ነገር ይሰጠዋል። ከዚያ በላይ የሆነውን ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይጽፋል፤ ለደቡብ ወሎ አብዛኛው ሰው የሚደርሰው ደሴ ነው። ከ18 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ለሕክምናው ፈቃድ የሚሰጠው ራሱ ነው፤ ቤተሰብ ለሐኪሙ ያየውን መናገር ይችላል፣ ሐኪሙ ግን ታካሚው የነገረውን ያለ ፈቃዱ እንዲያወጣ መጠበቅ የለበትም።

ሕክምናው ምን ይመስላል? ለምንስ ያስቸግራል?

ዋናው ሕክምና ንግግር ነው። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ማርሻ ሊንሃን የቀረጹት ዲያሌክቲካል የባሕርይ ሕክምና በአብዛኛው አንድ ዓመት ይወስዳል፤ በሳምንት አንድ ጊዜ የግል ውይይትና የቡድን ሥልጠና ያለው ሲሆን፣ ትኩረትን ማሰባሰብን፣ ጭንቅን መቻልን፣ ስሜትን መግራትንና ከሰው ጋር መግባባትን ያስተምራል። ይህን በሙሉ ቡድን የሚሰጥ ማእከል በየከተማችን ማግኘት ከባድ ነው። ለወሎ ቤተሰብ ከሁሉ በላይ ጠቃሚ ሆኖ ያገኘሁት ዕውቀት ግን ከካናዳ የመጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በቶሮንቶ 180 ታካሚዎችን ያሳተፈ ጥናት፣ ይህንኑ የተራቀቀ ሕክምና በሥርዓት ከተያዘ ጠቅላላ የሳይካትሪ (የሥነ አእምሮ ሕክምና) ክትትል ጋር ለአንድ ዓመት ሲያነጻጽር ሁለቱም ቡድኖች በተቀራራቢ ደረጃ መሻሻላቸውን አሳይቷል። ስለዚህ ልዩ ባለሙያ የለም ብሎ ተስፋ መቁረጥ አይገባም። ሕመሙን የሚያውቅ አንድ ባለሙያ፣ የማይናወጥ ቀጠሮና ግልጽ ዕቅድ ካሉ ብዙ መሥራት ይቻላል፤ ባለሙያው የሳይካትሪ ነርስ ቢሆንም እንኳ።

መድኃኒትን በተመለከተ ለስብዕና መታወክ ተብሎ የጸደቀ ክኒን የለም። አብሮ ያለ ድብርት ወይም ጭንቀት በመድኃኒት ሊታከም ይችላል። ነገር ግን ዳያዜፓምን የመሳሰሉ ማረጋጊያዎች ልማድ የሚያስይዙ ከመሆናቸውም በላይ በአንዳንድ ታካሚዎች ላይ ራስን መቆጣጠርን ያላላሉ፤ ለድብርት የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን ደግሞ ከመጠን በላይ ከተወሰደ ለሕይወት አደገኛ ነው። ራሱን የሚጎዳ ወጣት ካላችሁ ለሐኪሙ ንገሩና መድኃኒቱ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እንዲሰጥ ጠይቁ። ዐሥር ዓይነት ክኒን ይዞ የሚመለስ ታካሚ በደንብ የታከመ ይመስለናል፤ በዚህ ሕመም ግን ብዙ ጊዜ ምልክቱ ተቃራኒ ነው።

ሕክምናውን ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው መቋረጡ ነው፤ ምክንያቱም ሕመሙ የሚያውከው ያንኑ ሕክምናው የቆመበትን የሰው ለሰው ግንኙነት ነው። ወጣቱ በመጀመሪያ ቀጠሮ ሐኪሙን «እንደ እርስዎ የገባው የለም» ሊል፣ በሦስተኛው ሐኪሙ ዘግይቶ ስለገባ «ንቆኛል» ብሎ ሊቀር ይችላል። አባቱንና እናቱን፣ ነርሷንና ዶክተሩን ሳያስበው ያጋጫል፤ ለአንዱ የነገረውን ለሌላው ይደብቃል። መፍትሔው ቤተሰብና ባለሙያ አንድ ቃል መያዝ ነው፦ እናት የከለከለችውን ገንዘብ አባት በጓሮ በር አይስጥ። ከወረኢሉ ወይም ከመካነ ሰላም ለሚመጣ ሰው መንገዱም ራሱ ፈተና ነው፤ ቤተሰቡ አስቀድሞ ወደ ከተማ ከሚወርድበት የገበያ ቀን ጋር ቀጠሮውን ማጣመር ብዙ ያግዛል። በተለይ ሴት ልጅ ስትሆን «ለትዳሯ መጥፎ ስም ይሆናል» እየተባለ መደበቁም የታወቀ ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ ቁስሉን በነጠላ እየሸፈኑ ዓመታት ማሳለፍ ግን ሕክምናውን ያከብደዋል እንጂ ስሙን አያድንም።

ጠበልንና ወዳጃን (ጫት እየተቃመ በጋራ የሚደረገውን ዱአ) በተመለከተ ቤተሰብን ከሃይማኖቱ የሚያፋጥጥ ባለሙያ ታካሚውን ያጣል። ዱአውም ጠበሉም ከክትትሉ ጎን ሊሄዱ ይችላሉ፤ ሰብሰብ ብሎ መጸለይና መመረቅ ብቸኝነት ለሚያሠቃየው ልጅ የሚሰጠው ነገርም አለ። ሊቀር የሚገባው ጫቱ፣ በግድ ማሰርና መድኃኒት ማስጣል ነው። ሽምግልናም እንዲሁ ነው፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ «ዳግመኛ አላደርግም» የሚል ቃል ማስገባት ለጠብ ይሠራል፤ ስሜቱን መግራት ገና ለሚማር ወጣት ግን ነገ የሚፈርስ ቃል ይሆንበትና ኀፍረቱን ያበዛዋል።

በቤት ውስጥ

ስሜቱ በጋለበት ሰዓት አትምከሩ። ከላይ ያነሣናትን ወጣት እናት፣ «ለዚህ ደግሞ ይለቀሳል? እኔ በአንቺ ዕድሜ ሁለት ልጅ አሳድጌያለሁ» ብትላት ነገሩ ይባባሳል። ይልቅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አብሽሪ ልጄ። ስልክሽ ሳይነሣ ሲቀር የተተውሽ ያህል እንደተሰማሽ ይገባኛል። እየጮኽን ግን አንነጋገርም፤ ፊትሽን ታጠቢ፣ ቡናው ሲደርስ እንቀመጣለን» ማለት ትችላለች። የመጀመሪያው ግማሽ ስሜቱን ይቀበላል፤ ሁለተኛው ግማሽ ደግሞ ገደብ ያኖራል። ገደቡ ከተነገረ መጠበቅ አለበት፤ በጩኸት የሚሻር ከሆነ ጩኸትን ያስተምራል።

ስለ ሞት ማሰቡን ከጠረጠራችሁ በቀጥታ ጠይቁ፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም። ፀረ ተባይ ኬሚካል፣ የአይጥ መርዝና የተረፈ ክኒን ተቆልፎ፣ ቁልፉም ሌላ ሰው ዘንድ ይቀመጥ። ሊሞት እንዳሰበና መንገዱን እንደወሰነ ከተናገረ፣ ወይም አንዳች ነገር ከወሰደ ደህና ቢመስልም እንኳ ሌሊት ሳትሉ ብቻውን ሳትተዉ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

የረጅም ጊዜ ውጤቱ ብዙዎች እንደሚያስቡት ጨለማ አይደለም። በአሜሪካ የተመራማሪዋ ሜሪ ዛናሪኒ ቡድን 290 የቦርደርላይን ታካሚዎችን ለአሥር ዓመት ተከታትሎ፣ 93 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ ለሁለት ዓመት የሕመሙን መመዘኛ የማያሟሉ ሆነው እንደቆዩ እ.ኤ.አ. በ2010 አስታውቋል። በሥራና በማኅበራዊ ኑሮ ጭምር የተስተካከሉት ግን ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከዚህ የሚወሰደው ተግባራዊ ነገር ሥራና ትምህርት «ከዳነ በኋላ» ተብለው ለሌላ ጊዜ እንዳይተላለፉ ነው፤ በሳምንት ጥቂት ሰዓት በሱቅ መቆም ወይም አንድ የማታ ኮርስ መያዝ ከሕክምናው ዕቅድ ውስጥ ይግባ።

ወጣቱ ቀጠሮ አቋርጦ ከሆነ ደግሞ ካርዱ አይጣል። ወር ወይም ሦስት ወር ያልፍ ይሆናል፤ ነገሩ በረድ ባለበት ቀን፣ ለምን ቀረህ የሚለውን ጥያቄ ትቶ «ማክሰኞ ወደ ደሴ እወርዳለሁ፤ አብረን እንሂድ?» ማለት ይበቃል። እምቢ ካለ ቤተሰቡ ብቻውን ሄዶ ከባለሙያው ጋር መምከር ይችላል፤ ባለሙያውም ልጁ ሲመለስ ካቆመበት እንዲቀጥል አስቀድሞ ይነገረው።