ኮምፒውተር ለጀማሪ፦ ፋይላችሁ የት እንዳለ እንዴት ታውቃላችሁ

ደብረ ብርሃን ላይ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ነው ምሠራው። ደንበኛ ፍላሹን ይሰጠኛል፣ እከፍተዋለሁ፣ ባዶ ነው ወይም አልከፍትም ይላል፣ ከዛ «ኧረ እዚሁ ውስጥ አድርጌው ነበር!» ይላል። ከአንኮበር፣ ከደብረ ሲና ትራንስፖርት ከፍሎ የመጣ ሰው እንዲህ ሲሆን በጣም ነው ሚያሳዝነኝ፣ ምክንያቱም ነገሩ ከባድ ሆኖ ሳይሆን አምስት ስድስት ቃል ቁጭ አድርጎ ያስረዳው ሰው ስለሌለ ነው። እኔም ያስረዳኝ አልነበረም።

መጀመሪያ ሲፒዩ ሚለውን እናስተካክል። እዚ አገር ሳጥኑን በሙሉ ሲፒዩ ነው ምንለው፣ በትክክል ግን ሲፒዩ ማለት ሳጥኑ ውስጥ ያለች የማስያ ቺፕ ናት። ሳጥኑን ሲፒዩ ብትሉት ሚጣላችሁ የለም፣ ልትገዙ ስትሄዱ ግን ለዩት።

ቀጥሎ ራም እና ሃርድ ዲስክ። ሁለቱንም «ሚሞሪ» እያልን ነው ግራ ሚያጋባን። ሃርድ ዲስክ ጎተራ ነው በሉት፣ ራም ደግሞ ሰፌድ። ገብሱ ጎተራ ውስጥ እያለ አይበጠርም፣ ዝቃችሁ ሰፌድ ላይ ታደርጉና ነው ምትሠሩበት። ኮምፒውተሩም አንድ ጽሑፍ ስትከፍቱ ከሃርድ ዲስኩ ኮፒውን ወደ ራም ያወጣና እዛ ላይ ነው ምትጽፉት። ሰፌዱ ትንሽ ከሆነ ብዙ ነገር ባንዴ አይችልም፣ ራሙ 4 ጊጋ የሆነ ላፕቶፕ ላይ ብሮውዘሩንም ዎርዱንም ፊልሙንም ስትከፍቱ ሚንቀራፈፈው ለዛ ነው። ጎተራችሁ ባዶ ቢሆን ለዚ አይጠቅምም፣ ስለዚ «ፎቶ አጥፍቼ እንኳን አልፈጠነም» ለምትሉ መልሱ ይሄው ነው። የኔን ምክር ከጠየቃችሁ ግን ለአሮጌ ላፕቶፕ ከሁሉም በፊት ሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ (ሚሽከረከር ነገር በሌለው ፈጣን ዲስክ) ቀይሩት፣ ማፍጠኛ ነው እያሉ ሚጭኑላችሁን ፕሮግራም እኔ አላምንበትም።

ስለ መጠን አንድ ነገር። 256 ጊጋ ተብሎ የተገዛ ዲስክ ኮምፒውተሩ ላይ 238 አካባቢ ነው ሚያሳየው፣ 32 ጊጋው ፍላሽ ደግሞ 29 ምናምን። ሻጩ ስላታለላችሁ አይደለም። ፋብሪካው አንዱን ጊጋ 1000 ሜጋ ብሎ ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ ግን በ1024 ነው ሚያሰላው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ሴቭ ማድረግ እና ወደ ፍላሽ ማስገባት። ሰፌዱን አንድ ሰው ቢገለብጠው ላዩ ላይ ያለው ይፈሳል፣ ጎተራ ውስጥ ያለው ግን አይነካም አይደል? መብራት ሲጠፋም እንደዛው ነው፣ ራም ላይ ያለው በሙሉ ይፈሳል። ሴቭ ማለት ያበጠራችሁትን መልሳችሁ ጎተራ መክተት ነው። ዎርድ በራሱ በየ10 ደቂቃው መጠባበቂያ ይይዛል፣ መብራት በሚመላለስበት ቦታ ግን በ10 ደቂቃ ውስጥ ስንት ነገር ይጻፋል። አንድ አንቀጽ በጨረሳችሁ ቁጥር ኮንትሮልና ኤስን ባንድ ላይ ተጫኑ፣ ጣታችሁ እስኪለምደው ድረስ።

ፍላሹ ላይ ያለው ችግር ደግሞ እኔ ራሴ የወደቅኩበት ነው። ተማሪ እያለሁ የመመረቂያ ጽሑፌን መሐል ሜዳ ዘመድ ቤት ባለ ኮምፒውተር ላይ ጻፍኩ፣ ዴስክቶፑ ላይ ከምትታየው ምልክት ላይ ኮፒ አልኩ፣ ፍላሹ ላይ ፔስት አደረግኩ፣ ስሙ ቁጭ ብሎ አየሁት። በጠዋት ተነስቼ በጣርማ በር በኩል ደብረ ብርሃን ገባሁ። ፕሪንት ሚያደርገው ልጅ ከፈተው፣ እምቢ አለው፣ ደግሞ ሞከረው፣ ከዛ ዞር ብሎ «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ሾርትከት ነው፣ ፋይሉ የለም» አለኝ። ስክሪኑን አዙሮ ምልክቱ ግራ ጥግ ታች ላይ ያለችውን ትንሽ ቀስት በእስክሪብቶው ጫፍ አሳየኝ። መጠኑ 2 ኬቢ ብቻ፣ ከምንም አይቆጠርም። ማስረከቢያው በማግስቱ ነበር፣ ተመልሼ ሄጄ ይዤ እስክመጣ ቀኑ አለፈ፣ ከውጤቴም ተቀነሰብኝ።

ሾርትከት ማለት ጎተራው ወደየት እንደሆነ ሚጠቁም ጣት ነው፣ እህሉ አይደለም። በዛው ኮምፒውተር ላይ ስትጫኑት ይከፍትላችኋል ምክንያቱም እህሉ እዛው ስላለ ነው፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ግን ሚጠቁመው ነገር የለም። ስለዚ እንዲህ አድርጉ፣ ምልክቱ ላይ ቀስት ካያችሁ ኮፒ አታድርጉት፣ በቀኝ ክሊክ «ኦፕን ፋይል ሎኬሽን» በሉት፣ ዋናው ፋይል ያለበት ቦታ ይወስዳችኋል፣ ኮፒ ምታደርጉት እዛ ጋ ያለውን ነው። ፍላሹ ላይ ካደረጋችሁት በኋላ በቀኝ ክሊክ «ፕሮፐርቲስ» ብላችሁ መጠኑን እዩ፣ ምስል ያለበት 50 ገጽ ጽሑፍ 2 ኬቢ ሊሆን አይችልም። ከዛ «ኢጀክት» ብላችሁ ፍላሹን ንቀሉ፣ መልሳችሁ ሰኩ፣ ከፍላሹ ላይ ክፈቱና የመጨረሻውን ገጽ እዩት። ከተቻለ በሌላ ኮምፒውተር። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ እኔን ግን ያ ሁለት ደቂቃ ያድነኝ ነበር።

ፍላሹ ላይ ያሉት ፎልደሮች በሙሉ ባንዴ ወደ ሾርትከት ከተቀየሩ ግን ያ ቫይረስ ነው። አትደንግጡ፣ ፎርማትም (ላዩ ላይ ያለውን በሙሉ ማጥፋት ማለት ነው) አታድርጉት! ብዙ ጊዜ ፋይሎቹ ተደብቀው ነው እንጂ አልጠፉም። ሾርትከቶቹን ሳትጫኑ «ቪው» ውስጥ ገብታችሁ «ሂደን አይተምስ» ሚለውን ክፈቱ፣ ካልታየ ደግሞ ቫይረሱ የሲስተም ፋይል አስመስሎት ነውና እዛው ኦፕሽን ውስጥ «ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ» ሚለው ላይ ያለውን ምልክት አንሱት። ጽሑፍና ፎቶውን ብቻ አውጡ፣ ከዛ ፍላሹን ከዊንዶውስ ጋር አብሮ በሚመጣው ጸረ ቫይረስ፣ በዊንዶውስ ዲፌንደር፣ ስካን አድርጉት።

ፎርማት ካልን አይቀር፣ ኮምፒውተር ሊያስጠግኑ ወስደው «ፎርማት ላድርገው?» ሲባሉ እሺ ሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ዴስክቶፕ እና ዶክዩመንትስ አብዛኛውን ጊዜ ያሉት ሲ ድራይቭ ውስጥ ነው፣ ዊንዶውስ ሚጫነውም እዛው ነው፣ ሲ ፎርማት ሲደረግ ዴስክቶፕ ላይ ያስቀመጣችሁት የልጅ ፎቶ አብሮ ይሄዳል። እሺ ከማለታችሁ በፊት ሌላ ቦታ ኮፒ አስደርጉ፣ የተገለበጠውንም ራሳችሁ ከፍታችሁ እዩ።

መጨረሻ ላይ የአማርኛ ፊደል። ዩኒኮድ ማለት ኮምፒውተሮች ፊደልን አንድ ዓይነት አድርገው ሚያነቡበት የጋራ ሥርዓት ነው። የግዕዝ ፊደል እዛ ውስጥ የገባው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ነው፣ ከዛ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የእንግሊዝኛውን ፊደል ቦታ ይዘው ነበር ሚሠሩት፣ አሁንም በነሱ ሚጽፍ አለ። በዛ የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ነው ሚሆነው። በዩኒኮድ ጻፉ፣ ስትጨርሱ «ሴቭ አዝ» ብላችሁ ፒዲኤፍ አድርጉት፣ ፒዲኤፍ ፎንቱን አብሮ ይይዛል። ፒዲኤፉ ለፕሪንት፣ ዎርዱ ለእርማት፣ ሁለቱንም ፍላሹ ላይ አድርጋችሁ ኑ።