ለቤታችሁ ስንት ሜጋ ይበቃል? ባሕር ዳር ላይ የቤት ኢንተርኔት ፍጥነት እንዴት እንደሚመረጥ

የቤት ዋይፋይ ለማስገባት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሜጋ ላስገባ?» ብሎ ነው። መልሱን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ከጎረቤት ነው። ጎረቤት 10 ካስገባ እኛም 10። የአክስት ልጅ «እኛ ቤት እኮ 25 ነው» ካለ ደግሞ ልባችን ወደ 25 ይሸፍታል። ግን የእነሱ ቤት የእናንተ ቤት አይደለም። እነሱ ማታ ማታ ዲሽ የሚያዩ ባልና ሚስት ሊሆኑ ይችላሉ። እናንተ ሦስት ልጅ፣ አንድ ስማርት ቲቪና ውጭ አገር ያለች እህት አላችሁ።

ፍጥነቱን የሚወስነው የሰው ብዛት አይደለም። የስልክ ብዛትም አይደለም። ቤቱ በጣም በሚጨናነቅበት ሰዓት በአንድ ጊዜ ምን ምን ይሠራል? ጥያቄው ይሄ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ሜጋና ጊጋን ለዩ

ጊጋ መጠን ነው። የሞባይል ፓኬጅ ስትገዙ የሚያልቅባችሁ እሱ ነው። በቤት ኢንተርኔት ውል ላይ የምታዩት ሜጋ ግን ፍጥነት ነው፤ በአንድ ሴኮንድ ስንት ሜጋቢት ያልፋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ፊልምና ፎቶ የሚለካው በሜጋባይት ነው። አንድ ባይት ደግሞ 8 ቢት ነው። ስለዚህ የ10 ሜጋ መስመር በሴኮንድ ቢበዛ 1.25 ሜጋባይት ነው የሚያወርደው። 1 ጊጋባይት የሆነ ፊልም በ10 ሜጋ 13 ደቂቃ ገደማ፣ በ4 ሜጋ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ኮምፒውተሩ «1.2 ሜጋባይት በሴኮንድ» ሲላችሁ «ለ10 ከፍዬ 1 ሰጡኝ» ብላችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት በ8 አባዙት።

ማታ 2 ሰዓት ላይ ቤቱን ቁጠሩ

ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ለአብዛኛው ቤት ጭንቁ ሰዓት ከማታ 1 እስከ 4 ሰዓት ነው። ልጆች ከትምህርት ቤት፣ አዋቂዎች ከሥራ ገብተዋል። ውጭ አገር ያለው ዘመድም የሚደውለው ያኔ ነው። በዚያ ሰዓት እያንዳንዱ ሰው ምን እንደሚያደርግ ጻፉ፤ ከዚያ አጠገቡ ቁጥር አስቀምጡ።

ቁጥሮቹን ከየት እናመጣለን? ዩቲዩብ ራሱ የሚመክረው አለ። በ720 ጥራት ለማየት 2.5 ሜጋ፣ በ1080 ለማየት 5 ሜጋ፣ በ4ኬ ለማየት 20 ሜጋ። በዙም ብዙ ሰው ያለበትን ክፍል ጥርት ባለ ምስል ለመከታተል 3 ሜጋ መያዝ ነው። የአንድ ለአንድ የቪዲዮ ጥሪ ከ1 እስከ 1.5 ሜጋ ይበቃዋል። ለቲክቶክ 3 ያዙለት፤ ቀጣዮቹን ቪዲዮዎች ቀድሞ ስለሚያወርድ በየመሀሉ ይስባል። ሙዚቃ፣ የቴሌግራም ጽሑፍ፣ የዋትሳፕ ድምፅ ጥሪ ከአንድ ሜጋ በታች ናቸው። እነሱን እርሷቸው።

ፔዳ ግቢ አካባቢ የሚኖር አንድ ቤተሰብ እናስብ። እናት ሳሎን ውስጥ በስማርት ቲቪ በዩቲዩብ ድራማ እያዩ ነው፣ በ1080 ጥራት፤ 5። ትልቋ ልጅ በዙም ኮርስ ትከታተላለች፤ 3። መሀለኛው ቲክቶክ ላይ ተጥዷል፤ 3። አባት አሜሪካ ካለው ወንድማቸው ጋር በኢሞ እየተያዩ ነው፤ 1.5። ትንሹ ፐብጂ ይጫወታል፤ 0.5። ድምሩ 13 ሜጋ ነው። በዚህ ላይ ሩቡን ያህል መጠባበቂያ ጨምሩ። ስልኮቹ ሳይጠይቋችሁ ፎቶ ይልካሉ፣ መተግበሪያ ያድሳሉ። ወደ 16 ሜጋ ደረሰ። ካሉት ፓኬጆች ከዚህ ከፍ ብሎ ቅርብ የሆነውን ይውሰዱ። 50 አያስፈልጋቸውም።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ብቻ እንቀይር። ቲቪው በ720 ይታይ። ድምሩ ወደ 10.5 ይወርዳል፤ ከነመጠባበቂያው 13። መካከለኛ በሆነ ቲቪ ላይ፣ ሶፋው ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው፣ በ720ና በ1080 መካከል ያለው ልዩነት እምብዛም አይታይም። እኔ ብሆን ለዚህ ልዩነት በየወሩ ተጨማሪ አልከፍልም። 4ኬ ቲቪ የገዛ ሰው ግን ሌላ ሒሳብ ውስጥ ገብቷል። አንድ ቲቪ ብቻውን የአንድ ቤተሰብ ያህል ይበላል።

ባልና ሚስት ብቻ ሆናችሁ፣ አንዱ ቲቪ ሲያይ ሌላው ስልክ ከያዘ፣ ከ8 እስከ 10 ሜጋ በምቾት ያኖራችኋል። 4 ሜጋም ቢሆን ለአንድ ሰው ያሠራል። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ቪዲዮ ሲከፍት ግን ቪዲዮው እየቆመ መዞር ይጀምራል።

የፐብጂውን ልጅ ነገር ለብቻው ልናገር። «ላግ አደረገኝ፣ ሜጋ አስጨምሩልኝ» ይላል። አትመኑት! ጨዋታው የሚፈልገው ሜጋ ጥቂት ነው። የሚጎዳው መልእክቱ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ነው፤ ፒንግ የሚሉት። የጨዋታው ሰርቨር፣ ማለትም ጨዋታውን የሚያስተናግደው ኮምፒውተር፣ ያለው ከአገር ውጭ ነው። እኛ ደግሞ የባሕር በር የለንም። መስመሩ መጀመሪያ በየብስ ጅቡቲን ወደመሰለ ጎረቤት አገር ይሄዳል፣ ከዚያ በባሕር ሥር ገመድ ይቀጥላል። ሜጋ መጨመር ያንን መንገድ አያሳጥረውም። ላጉ የሚመጣው ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ትልቅ ፋይል ሲያወርድ ብቻ ከሆነ ግን ልጁ እውነት አለው፤ መስመሩ ሞልቷል ማለት ነው።

አፕሎዱን አትርሱ

ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው የማውረጃው ፍጥነት ነው። የመላኪያው፣ አፕሎድ የሚሉት፣ ብዙ ጊዜ አይነገርም። በቪዲዮ ጥሪ ግን እናንተም ምስል ትልካላችሁ። «እናንተ ትታዩኛላችሁ፣ እኔ ግን እቆራረጣለሁ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ነው።

ቤት ውስጥ ቪዲዮ የሚሠራ፣ ላይቭ የሚገባ ወይም የሠርግ ቪዲዮ ለደንበኛ የሚልክ ሰው ካለ ይህ ቁጥር ከሁሉም ይበልጣል። 500 ሜጋባይት ቪዲዮ በ1 ሜጋ አፕሎድ ለመላክ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። በ5 ሜጋ 13 ደቂቃ ገደማ። ስትመዘገቡ «አፕሎዱስ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሠራተኛው «ያው ነው» ካለ «ውሉ ላይ አሳየኝ» በሉት።

ሰፈራችሁ ውስጥ ያለው መስመር ምንድን ነው?

ወረቀቱ ላይ 16 ቢወጣም መስመሩ 16 ላይሸከም ይችላል። የድሮው የስልክ መዳብ ሽቦ በወረቀት ላይ እስከ 24 ሜጋ ይሄዳል ይባላል። ያ ግን የቴሌ ጣቢያው አጠገብ ላለ ቤት ነው። ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲርቅ በጣም ይወርዳል። አፕሎዱም አንድ ሜጋ አካባቢ ነው የሚሆነው። መስመራችሁ መዳብ ሆኖ ቤታችሁ ሩቅ ከሆነ ትልቅ ፓኬጅ መግዛት ብር መጣል ነው።

ፋይበር፣ በብርሃን የሚሠራው የመስታወት ገመድ፣ ከደረሳችሁ ሌላ አትፈልጉ። እንደ መዳብ ርቀት አያዳክመውም፣ በኋላም ፍጥነት ለመጨመር ይመቻል። አባይ ማዶም ሆነ ሌላ አዲስ እየተገነባ ባለ ሰፈር ቤት የምትሠሩ ወይም የምትከራዩ ከሆነ፣ ከመወሰናችሁ በፊት ሁለት ሦስት ጎረቤት ጠይቁ። ምን ዓይነት መስመር ነው? ማታስ ይሠራል? መንገድ ሲቆፈር ስንት ቀን ጠፋባችሁ? ቢሮ ውስጥ የማይነገራችሁን ጎረቤት ይነግራችኋል። ከዚያ የኢትዮ ቴሌኮም አገልግሎት ማዕከል መሄድ ወይም 994 መደወል ነው።

ገመድ የማይደርስበት ቤት በሲም የሚሠራ የ4ጂ ራውተር (ዋይፋይ የሚያሰራጨው ሳጥን) ይይዛል። ሳፋሪኮምም ባሕር ዳር ስለሚሠራ የሁለቱንም ሲም ቤታችሁ ውስጥ ሞክሩ። ራውተሩ በሚቀመጥበት ክፍል፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ መሆን አለበት። ቀን 5 ሰዓት ላይ የተለካ ፍጥነት ምሽቱን አይነግራችሁም፤ ማታ ሰፈሩ በሙሉ ያንኑ አንቴና ይጋራል። ፓኬጁ በጊጋ የሚቆጠር ከሆነ ይህንንም አስሉ፤ በ5 ሜጋ የሚታይ ቪዲዮ በሰዓት 2.25 ጊጋባይት ይበላል። የአንድ ምሽት ድራማ ፓኬጁን ሊጨርስ ነው።

«አልፈጠነም» ከማለታችሁ በፊት ለኩ

ከሁሉም ብዙ ብር የሚባክነው እዚህ ነው። ዋይፋዩ ሲጎተት ሰው ሮጦ ሜጋ ያስጨምራል። ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ ከራውተሩ ወዲህ፣ ቤቱ ውስጥ ነው።

እንዲህ አድርጉ። ላፕቶፕ ካላችሁ በገመድ ራውተሩ ላይ ሰኩት። የሌላውን ሁሉ ዋይፋይ አጥፉ። ስፒድቴስት ወይም ፋስት ዶት ኮም ላይ ለኩና ጻፉ። ቀጥሎ ራውተሩ አጠገብ ቆማችሁ በስልክ ለኩ። ከዚያ መኝታ ቤት ገብታችሁ፣ በሩን ዘግታችሁ ለኩ። ጠዋትና ማታ ድገሙት። የስልኩን ዳታ ግን አጥፉ፤ መለኪያው ራሱ ፓኬጅ ይበላል።

በገመድ ከከፈላችሁበት ጋር ተቀራራቢ ከመጣና መኝታ ቤት ውስጥ ሩቡ ብቻ ከደረሰ፣ ሜጋ መጨመር አይረዳችሁም። ራውተሩን አንቀሳቅሱት። ቡፌ ውስጥ፣ ከቲቪው ኋላ፣ ወይም ጥግ ላይ መሬት የተቀመጠ ራውተር ግማሹን ጉልበቱን ለግድግዳው ነው የሚሰጠው። ቤቱ መሀል፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይሁን። ብሎኬት ያዳክመዋል፤ ብረት ያለው ኮለን ደግሞ የባሰ ነው። ቆርቆሮማ ጨርሶ ይመልሰዋል፤ ግቢው ኋላ ያለው የቆርቆሮ ሰርቪስ ዋይፋይ የማይደርሰው ለዚህ ነው። እዚያ ሌላ ራውተር በገመድ መዘርጋት ከፓኬጅ ማሳደግ ይረክሳል።

ብዙ ራውተሮች ሁለት ስም ያሳያሉ፣ አንደኛው 5ጂ የሚል ቅጥያ ያለው። ከሞባይሉ 5ጂ ጋር አይገናኝም፤ የዋይፋይ ሞገድ ነው። እሱ ፈጣን ነው፣ ግን ግድግዳ አይወድም። ቲቪውንና ሳሎን ያለውን ላፕቶፕ በእሱ፣ ራቅ ያለውን ስልክ በሌላው አገናኙ። ቲቪውን በገመድ መሰካት ከቻላችሁ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል።

በገመድም ተለክቶ፣ ጠዋትም ማታም፣ ከውሉ በታች ከሆነ ያኔ አቤት ማለት ነው። የጻፋችሁትን ቁጥር ከነቀኑና ከነሰዓቱ ይዛችሁ ቅረቡ። «ቀርፋፋ ነው» የሚል ሰውና ቁጥር የያዘ ሰው እኩል አይደመጡም።

ተከራይ ካለ

ሰርቪስ ተከራይቶ የሚኖር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ካለና ዋይፋዩን አብራችሁ የምትካፈሉ ከሆነ፣ እሱንም ወረቀቱ ላይ አስገቡት። አንድ ተማሪ ማታ ፊልም ካወረደ ያገኘውን ፍጥነት ሁሉ ይጠቀማል፣ ምንም ያህል ሜጋ ቢኖር። መፍትሔው ንግግር ነው፤ ትልልቅ ፋይል ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ይውረድ። ካልተግባባችሁ አንዳንድ ራውተር ለእንግዳ የተለየ ዋይፋይ ከፍቶ ፍጥነቱን መገደብ ይችላል። ብሩንም ቀድማችሁ ተስማሙ። ኋላ መጨቃጨቅ አይቀርም።

መብራትና መብረቅ

መብራት ሲጠፋ 10 ሜጋም 100 ሜጋም ዜሮ ነው። በተቆጠበው ብር ለራውተሩ የሚሆን ሚኒ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ የሚያሠራ ትንሽ ባትሪ፣ ብትገዙ ደስ ይለኛል። አብዛኛው ራውተር ባለ 12 ቮልት ነው፣ ግን የቻርጀሩን ጽሑፍ አንብቡ፤ 9 ወይም 5 የሆነም አለ። ፋይበር ከሆነ ግድግዳው ላይ ያለችው ትንሽ ሳጥንም መብራት ትፈልጋለች፤ ሁለቱንም የሚይዝ ግዙ።

በክረምት ጣና ላይ ደመናው ጠቁሮ ነጎድጓድ ሲጀምር ራውተሩን ከሶኬት ንቀሉ። መስመሩ መዳብ ከሆነ የስልክ ሽቦውንም ንቀሉት። መብረቅ በሽቦው በኩል ገብቶ ራውተሩን ያቃጥላል። ፋይበር መስታወት ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ የመብራቱን ብቻ መንቀል ይበቃል።

ስትፈርሙ

«እስከ 20 ሜጋ» የሚል ካለ «እስከ» የምትለዋን ልብ በሉ። ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ። ያልተገደበ ሲባል ከተወሰነ መጠን በኋላ ይቀዘቅዛል? ራውተሩ የእኔ ነው ወይስ የእናንተ? ቤት ብቀይር መስመሩ አብሮኝ ይሄዳል? ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ብፈልግ ያስከፍላል? በሁለት ፓኬጆች መካከል ካመነታችሁና ማሳደጉ ቀላል ከሆነ ከትንሹ ጀምሩ። አንድ ወር ተጠቀሙ፣ ማታ ማታ ለኩ። ቪዲዮው የሚዞረው ሁሉም ቤት በገባበት ሰዓት ብቻ ከሆነ አንድ ደረጃ ጨምሩ።