የፌዴራል መሥሪያ ቤት ፋይልዎን ሲያዘገይ፦ ከኮንግረስ አባል ቢሮ እርዳታ እንዴት ይጠየቃል?

አሜሪካ ውስጥ የኢሚግሬሽን ማመልከቻ አስገብቶ፣ ወራት አልፈው "በሂደት ላይ ነው" ብቻ የሚባል ሰው ብዙ ነው። የሶሻል ሴኩሪቲ ክፍያው የተቋረጠበትም አለ። እንዲህ ሲሆን የአካባቢዎ የኮንግረስ አባል ቢሮ ጉዳዩን ሊጠይቅልዎ ይችላል። ብዙዎቻችን ነገሩ "በሰው በኩል መግባት" ይመስለንና እናፍራለን። አይደለም። የቢሮው የዘወትር ሥራ ነው፤ ለዚሁ የተቀጠሩ ኬዝወርከር የሚባሉ ሠራተኞችም አሉት። ክፍያ የለውም። "እኔ አስጨርስልሃለሁ" እያለ ገንዘብ የሚጠይቅ ጉዳይ ገዳይ ካጋጠመዎ ይራቁት።

መጀመሪያ ጉዳዩ የማን እንደሆነ ይለዩ። ኢሚግሬሽን፣ ፓስፖርት፣ የኤምባሲ ቪዛ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ሜዲኬር (የአረጋውያን የጤና መድን) እና አይአርኤስ (ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት) የፌዴራል ናቸው። መንጃ ፈቃድ ግን የስቴት ነው፤ እሱን ለስቴቱ ምክር ቤት ተመራጭ ያቅርቡ።

ቀጥሎ ተወካይዎን ያግኙ። የተወካዮች ምክር ቤት ድረ ገጽ ላይ ዚፕ ኮድዎን ሲያስገቡ ከ435ቱ የእርስዎ ማን እንደሆነ ይነግርዎታል። እያንዳንዱ ስቴት ሁለት ሴናተሮችም አሉት። ለሦስቱም መላክ ያፈጥናል ብለው አያስቡ፤ አንድ ፋይል ላይ ጥያቄ ሲደራረብ ሥራው ይወሳሰባል። አንዱን ይምረጡ። የሚደውሉትም ዋሽንግተን ሳይሆን እርስዎ አካባቢ ወዳለው ቢሮ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚታየው እዚያ መኖርዎ እንጂ ዜግነትዎ ወይም ማንን እንደመረጡ አይደለም።

ቢሮው የፈቃድ ፎርም ያስፈርምዎታል። በ1974 በወጣው የግላዊነት ሕግ ምክንያት፣ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ ስለ ፋይልዎ ለቢሮው አይናገርም። የሚፈርመው የጉዳዩ ባለቤት ራሱ ነው። ልጅ እናቱን ለመርዳት ብሎ በራሱ ስም ቢፈርም ፎርሙ ተመልሶ ይመጣል።

ዋናው ሥራ ደብዳቤው ላይ ነው። ኬዝወርከሯ በእጇ ብዙ ፋይል ስላለ ታሪኩን ከሥር መሠረቱ አይተርኩላት። አንድ ገጽ ይበቃል፣ ለምሳሌ እንዲህ፦

"የባለቤቴን ማመልከቻ ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ አስገባሁ። የደረሰኝ ቁጥሩ ይኸውና። መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጹ ላይ ያስቀመጠው የጊዜ ገደብ አልፏል። ራሴ ጠይቄ 'ይጠብቁ' ተብያለሁ። ፋይሉ የት እንደደረሰ፣ የጎደለ ሰነድ ካለም ምን እንደሆነ እንዲጠይቁልኝ እፈልጋለሁ።"

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ልብ ይበሉ። "እባካችሁ እርዱኝ" ካሉ ምን መጠየቅ እንዳለባት አታውቅም። የኢሚግሬሽን ደረሰኝ ቁጥር ሦስት ፊደልና አሥር አኃዝ ስለሆነ አንድም ሳይጎድል ይጻፉት። የሚያስቸኩል ነገር፣ ለምሳሌ ከባድ ሕመም ካለ፣ የሐኪም ቤቱን ወረቀት አያይዙ። በቃል ብቻ "አስቸኳይ ነው" ማለት ብዙም አያስኬድም።

ከቢሮው ተአምር አይጠብቁ። የተከለከለ ቪዛ አስፈቅዶ አይሰጥዎትም፤ ዳኛ ፊት በቀረበ ጉዳይ ውስጥ አይገባም፤ የሕግ ምክርም አይሰጥም፣ እሱ የጠበቃ ነው። ቢሮው የሚችለው መሥሪያ ቤቱን ስለ ፋይሉ መጠየቅና መልሱን ማምጣት ነው። ለብዙ የቆመ ፋይል ይኼም ትንሽ ነገር አይደለም። ዲቪ ለደረሳቸው ግን ቀኑ አይለመንም፦ ቪዛው የበጀት ዓመቱ እስከሚዘጋበት ሴፕቴምበር 30 ድረስ መሰጠት አለበት፤ የትኛውም የኮንግረስ ቢሮ አያራዝመውም። ስለዚህ መስከረም እስኪጠባ አይጠብቁ።

ጉዳዩን ከያዙልዎ በኋላ የኬዝወርከሯን ስም ይያዙ፤ መቼ መልሰው ቢደውሉ እንደሚሻልም ይጠይቋት። ከመሥሪያ ቤቱ አዲስ ደብዳቤ ከመጣ በዚያው ቀን ኮፒውን ይላኩላት፤ ቤት ከቀየሩም ይንገሯት፣ አዲሱ አድራሻ በሌላ ተወካይ ሥር ሊሆን ይችላል።