«ሶልቨንቱ ነው» ከማለታችን በፊት፦ የካርቦን ዶት ብርሃን ስንለካ ልንርቃቸው የሚገቡ ስህተቶች

እዚህ ጎንደር ከጌሾ ቅጠል ካርቦን ዶት የሠራ ተማሪ ሁለት ብልቃጥ ይዞልኝ መጣ። 365 ናኖሜትር በሚሰጠው የአልትራቫዮሌት መብራት ሥር በውሃ የተበጠበጠው ሰማያዊ፣ በኢታኖል የተበጠበጠው ቀይ ያበራል። «ሶልቨንቱ፣ ማለትም አሟሚው ፈሳሽ፣ ቀለሙን ቀየረው» አለኝ፤ ደስታው ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። ደስታውን እረዳለሁ። ካርቦን ዶት ከ10 ናኖሜትር በታች የሆነ የካርቦን ቅንጣት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ናኖቱቦችን (ቀጫጭን የካርቦን ቱቦዎችን) ሲያጣሩ የነበሩ ተመራማሪዎች ሳይጠብቁት ያገኙት ነው፤ አሟሚው ሲለወጥ ቀለሙ ሊለወጥ መቻሉም እውነት ነው። እኔ ግን ቀዩን ሳይ የታየኝ ቅጠሉ ነበር።

ሳያጣሩ መለካት

ክሎሮፊል በውሃ አይሟሟም። በኢታኖልና በአሴቶን ግን ደህና አድርጎ ይሟሟል፤ ሲበራበትም 670 ናኖሜትር አካባቢ ቀይ ብርሃን ይሰጣል። በሙቀት ማግኒዚየሙን ቢያጣ እንኳ ቀይ ማብራቱን አይተውም። ስለዚህ ሶልቨንቱ የካርቦን ዶቱን ቀለም አልቀየረም፤ ሌላ ነገር አሟሟ። ከቅጠል ለሚሠራ ሁሉ ይህ ወጥመድ አለ። ከሲትሪክ አሲድና ከኢቲሊንዳያሚን የሚሠሩትም አያመልጡም፤ በዚያ ሂደት ደማቅ ሰማያዊ የሚያበሩ ትናንሽ ሞለኪውሎች አብረው ይፈጠራሉ። ዳያሊሲስ (ትናንሾቹን ሞለኪውሎች በከረጢት አሳልፎ ማጣራት) ስታደርጉ ከረጢቱ ውስጥ የቀረውን ብቻ ሳይሆን ወደ ውጭ የወጣውንም ውሃ ለኩ። ብርሃኑ ውጭ ካለ ታሪኩ የካርቦን ዶት አይደለም።

የሶልቨንቱን የራሱን ብርሃን መርሳት

ይህኛው ብዙ ሳምንት አባክኖብኛል። ናሙናዬን በጣም አቅጥኜ በ350 ናኖሜትር ሳበራበት 397 ላይ ጫፍ (ብርሃኑ የሚበረታበት ነጥብ) አገኘሁ፤ በ400 ሳበራበት ጫፉ ወደ 463 ሄደ። ካርቦን ዶት የሚያበሩበት ብርሃን ሲለወጥ ቀለሙን መቀየሩ የታወቀ ጠባዩ ስለሆነ ምንም አልጠረጠርኩም። ውሃውን በኢታኖል ተካሁት፤ በ350 የነበረው ጫፍ ወደ 390 ወረደ። የሶልቨንቱ ፖላርነት (ሞለኪውሉ በአንድ ጎኑ ፖዘቲቭ፣ በሌላው ኔጋቲቭ መሆኑ) ሲቀንስ ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ይሸሻል የሚለው ትምህርት ልክ እንደተጻፈው መጣልኝ!

በመጨረሻ ባዶ ውሃ ኩቬት (የመለኪያ ብልቃጥ) ውስጥ አድርጌ ለካሁ። ጫፉ እዚያው ቁጭ ብሏል። የውሃው የራማን ብትነት ነበር። ሕንዳዊው ራማን እ.ኤ.አ. በ1928 ያገኘው ክስተት ሲሆን ሶልቨንቱ ከሚመጣው ብርሃን የተወሰነ ጉልበት ቀንሶ መልሶ ይበትነዋል፤ የሚቀንሰው መጠን ለውሃ 3,400፣ ለኢታኖል 2,900 ያህል ዌቭነምበር (በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ ያለ የሞገድ ብዛት) ነው። ማጣራቱ ቀላል ነው፦ 10,000,000ን መጀመሪያ ለምታበሩበት፣ ቀጥሎ ለጫፉ ናኖሜትር አካፍሉና ተቀናንሱ። የምታበሩበትን ስትቀያይሩ ልዩነቱ ካልተነቃነቀ ያያችሁት ሶልቨንቱን ነው። ለእያንዳንዱ ሶልቨንት ባዶውን ሳትለኩ አንድም ግራፍ አትሳሉ፤ እለምናችኋለሁ።

መጠኑን እኩል አለማድረግ

ወፍራም ናሙና የራሱን ብርሃን መልሶ ይውጣል፤ ሰማያዊው ወገን ይበላና ጫፉ ወደ ቀይ የሄደ ይመስላል። በምታበሩበት የሞገድ ርዝመት የሁሉም ናሙና አብዞርባንስ (ብርሃን የመዋጥ መጠን) እኩልና ከ0.1 በታች ይሁን። የጎንደር ከፍታ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፦ እዚህ ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ አሴቶንም ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚፈላበት 56 ዲግሪ በታች ይፈላል። ክዳን ያልተደረገበት ኩቬት እየለካችሁት ይወፍራል። ቅንጣቶቹ የማይስማማቸው ሶልቨንት ውስጥ ተጓጉለው ብርሃናቸው ሲደክምም «ቶሉዊን አጠፋው» ይባላል፤ ያጠፋው ግን መጓጎሉ ነው።

ሁሉን በፖላርነት መተርጎም

መሠረቱ ትክክል ነው። ብርሃን የተቀበለው ቅንጣት ሙሉ ጉልበቱን ሳይመልስ በፊት ፖላር የሆኑ የሶልቨንት ሞለኪውሎች ዞረው ያረጋጉታል፤ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ቀለሙ ወደ ቀይ ያዘነብላል። ዳሩ ግን ኢታኖልና አሴቶንን አስተያዩ፦ የዳይኤሌክትሪክ ቁጥራቸው (የፖላርነት መለኪያ) 24.5 እና 21 ያህል፣ ጎረቤታሞች ናቸው። ኢታኖል ግን ሃይድሮጅኑን አውጥቶ ይሰጣል፣ አሴቶን አይሰጥም። በሁለቱ ውስጥ ብርሃኑ በጣም ከተለያየ፣ ቅንጣቱ ላይ ያሉት የኦክስጅንና የናይትሮጅን ቡድኖች የሚፈጥሩትን የሃይድሮጅን ቦንድ ጠርጥሩ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳልለካ ስለ ፖላርነት አልጽፍም።

ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላም አለ። ሲትሪክ አሲድና ዩሪያ በውሃ ውስጥ ሲበስሉና በዲኤምኤፍ (ዳይሜቲልፎርማማይድ በተባለ ሶልቨንት) ውስጥ ሲበስሉ የሚገኘው ቀለም ይለያያል። ያ ግን የማብሰያው ሥራ ነው፤ የተሠራው ቁስ ራሱ ሌላ ነው። የመለኪያ ሶልቨንት ውጤት ብላችሁ አትጻፉት።

አጫጭር ግን ውድ ስህተቶች

አሴቶን ከ330 ናኖሜትር በታች ያለውን ብርሃን ራሱ ይውጠዋል፤ የፖሊስታይሪን ኩቬትንም ያሟሟል፤ ኳርትዝ ተጠቀሙ። ብርጭቆውን በቧንቧ ውሃ አጥባችሁ ስትጨርሱ በተጣራ ውሃ አለቅልቁት፤ የብረት አዮን የካርቦን ዶትን ብርሃን ያደክማል። ኳንተም ይልድ (ከተዋጠው ብርሃን ተመልሶ የሚወጣውን ድርሻ) ስታሰሉ መመዘኛ ከሆነው ከኪኒን ሰልፌት 0.54 ጋር ብታነጻጽሩ፣ የሶልቨንቶቹን የብርሃን ስብረት ቁጥር ስኩዌር ማስገባት አትርሱ። በውሃ 1.333፣ በቶሉዊን 1.496 ነው፤ ከተረሳ ስህተቱ 26 በመቶ ይደርሳል።

ተማሪው ክሎሮፊሉን በሄክሴን አጥቦ፣ ዳያሊሲስ አድርጎ ተመለሰ። ቀዩ የለም። ሁለቱም ብልቃጥ ሰማያዊ ያበራሉ፤ በመሣሪያው ሲለካ ግን በኢታኖል ያለው ጫፍ ጥቂት ናኖሜትር ፈቀቅ ብሏል። ባዶውንም ለክቷል፣ ጫፉ የራማን አይደለም። አሁን አሴቶኑን ሊጨምርበት የኳርትዝ ኩቬት ተራውን እየጠበቀ ነው።